ምስማር በከንፈሩ የሚይዘው አናጢ

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ጉሮሮው አብጦ ሞት ደጃፍ ደርሶ ተመለሰ። አባቱ በጀርባው አዝሎት ወደ ጤና ጣቢያ ሲሮጥ፣ መንገድ ዳር የቆሙ ሴቶች «አይ ልጅ! ይኼስ አበቃለት» ሲሉ በገዛ ጆሮው ሰምቷል። አላበቃለትም። ነገር ግን በሽታው ሲወጣ ድምፁንም ይዞበት ሄደ። ስምንት ወር ሙሉ ውሃ ሲጠማው ብርጭቆ እያሳየ፣ ሲርበው ሆዱን እየደበደበ ኖረ።

ድምፁ የተመለሰለት ክፍል ውስጥ ነው። አስተማሪው ስም ሲጠሩ «አቤት!» አለ፤ የወጣው ግን ዘይት አይቶ የማያውቅ በር ድምፅ ነበር። ስልሳ ተማሪ ባንዴ ሳቀ። አስተማሪው ራሳቸው፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ በስም መጥሪያው መዝገብ ተከልለው ሳቁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጁ አፉን ዘጋ። ስሙ ሲጠራ እጁን ያወጣል፤ ጥያቄ ሲጠየቅ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፤ በእረፍት ሰዓት ከሽንት ቤቱ ጀርባ ቆሞ ደወል ይጠብቃል። ስድስተኛ ክፍልን እንደምንም ጨርሶ ትምህርቱን ተወና አናጢ አጎቱ ዘንድ ገባ።

መዳኛውን ያገኘው እዚያ ነው። አጎቱ አንዱን ምስማር ሲመታ ሌሎቹን በከንፈሩ ይይዛል። ምስማር በአፉ የያዘን ሰው ደግሞ ማንም «ምነው ዝም አልክ?» አይለውም። ልጁ ይህን ባየ ጊዜ የሙያውን ግማሽ ተማረ። አምስት ስድስት ምስማር በከንፈሩ መደርደር ለመደ። ሰው ሲመጣ ያስገባል፣ ሲሄድ ያወጣል።

ሚስቱንም ያገኘው እንደዚያው ነው። ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን ጠረጴዛ ሊጠግን ሄዶ ሦስት ቀን ትንፍሽ ሳይል ሲሠራ አየችና፣ «ስማ፣ አንተ እንደሆንክ አትጠይቀኝም። የምታገባኝ ከሆነ ራስህን ነቅንቅ» አለችው። ነቀነቀ። ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት ለሁለት ታወራለች።

ኋላ አንድ ትምህርት ቤት ዴስክ ጠጋኝ አድርጎ ቀጠረው። ተማሪዎቹ ፊት ለፊት «ጋሼ»፣ ዞር ሲል «ምስማር» ይሉታል። አንድ ደንብ ነበረው፦ ዴስክ የሰበረ ተማሪ፣ አብሮት ከሚቀመጠው ጋር ራሱ ተሸክሞ ወደ ሥራ ክፍሉ ያመጣል፤ ሲጠገንም ራሱ ተሸክሞ ይመልሳል። ደንቡን በትልቁ ጽፎ በሩ ላይ ለጥፎታል። መናገር እንዳይኖርበት ነው።

አንድ ዓመት ሰባተኛ ክፍል የገባች ልጅ ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውራ መጣች። እረፍት በሆነ ቁጥር ወደ ሥራ ክፍሉ በር ትመጣና የእንጨት ፍቅፋቂ የምታይ መስላ ትቆማለች። አናጢው አላባረራትም፤ አላናገራትምም። ሁለቱም በዝምታ ሃያ ደቂቃውን ይገፋሉ። ከእሷ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጠው ደግሞ ጠዋት የከፈተችውን ወሬ ማታም የማትዘጋ፣ «ሬዲዮ» የሚሏት ልጅ ነበረች።

«ጋሼ፣ ይቺን አዩዋት?» አለች ሬዲዮ አንድ ቀን ጓደኛዋን ፍለጋ መጥታ። «የቋንቋ መምህርታችን ክፍሉ ፊት ቆማችሁ አምስት ደቂቃ ተናገሩ ትለናለች። እሷ ሁለት ጊዜ ወጥታ ሁለቴም አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ተመለሰች! ሦስተኛው ዓርብ ነው። ዓርብም ዝም ካለች ክፍል ትደግማለች።»

ልጅቱ ጫማዋን ታያለች።

ረቡዕ ዕለት ሬዲዮ ዴስክ ላይ ወጥታ ስትጨፍር እግሩን ሰበረችው። ደንብ ደንብ ነውና ሁለቱ ተሸክመው መጡ፤ ሬዲዮ ፊቷን ወደ ጓደኛዋ አዙራ የኋሊት ትራመዳለች፣ ዝምተኛዋ መንገዱን ታያለች። በሩ አጠገብ የጽዳት ሠራተኛዋ ውሃ የሞላ ባልዲ አስቀምጣለች። ልጅቱ ባልዲውን አየች፤ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። ሬዲዮ ባልዲው ውስጥ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«አንቺ!» አለች ውሃው እየተንጠባጠበባት። «ዓይን እንጂ አፍ አልፈጠረልሽም?»

ከዚያ ዝምተኛዋ ሳቋ አመለጣት። ሬዲዮም ሳቀች። አናጢው ምስማሩን ሊውጠው ምንም አልቀረውም።

ሐሙስ ዴስኩ ተጠግኖ ሲመልሱት፣ ሬዲዮ ያንኑ የኋሊት የሚያስኬደውን ጫፍ አነሳች። «ሌላ ዩኒፎርም የለኝም፣ እህቴ። ዛሬስ ተናገሪ!»

«ቀኝ… ቀስ በይ… ደረጃ አለ» የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ጥጉን ሲዞሩ ግን ድምፁ ግቢውን ሞላው፦ «ቁሚ አልኩሽ! ግድግዳ ነው!»

አናጢው በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። ይቺ ልጅ እጇ ሥራ ከያዘ ምላሷ ይፈታል። ይህን ያወቀ እሱ ብቻ ነው፤ ለመምህርቷ መንገርም ያለበት እሱ ነው፤ ዓርብ ደግሞ ነገ ነው።

ወደ መምህራን ክፍል ገባ። አሥራ ሁለት ሰው ቀና ብሎ አየው።

«ጋሼ፣ ምን ልታዘዝ?» አለች የቋንቋ መምህርቷ።

«እምምም» አለ። ለካ ምስማሮቹን ሳያወጣ ነው የመጣው። አንድ በአንድ እያወጣ ጠረጴዛዋ ላይ ደረደራቸው። ስድስተኛው ሲወጣ መደበቂያ አጣ።

«ያቺ ልጅ…» አለ፤ ድምፁ ሲጢጥ አለ። ጥግ የተቀመጠ አንድ መምህር ሳል አስመስሎ ሳቀ። አናጢው ግን ቀጠለ። «እጇን ባዶ አድርገው አያቁሟት። የዴስክ እግር እንዴት እንደሚጠገን እየሠራች ታስረዳ። ሌላውን ጫፍ ጓደኛዋ ትያዝላት። እንጨቱንም መዶሻውንም እኔ አመጣለሁ።»

«ጋሼ፣ ለካ ይናገራሉ!»

«እናገራለሁ። ሻካራ ነው እንጂ፣ ድምፅስ አለኝ።»

ዓርብ ዕለት በመስኮት አየ። ልጅቱ የመጀመሪያውን ደቂቃ በዝምታ መታች። ሬዲዮ ጫፉን ይዛ፣ ላለማውራት ከንፈሯን ነክሳ ፊቷ ቀልቷል። እንጨቱ ተንሸራተተ።

«ቀጥ አድርጊው!» አለች ዝምተኛዋ። ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞረች። «ሙጫ ካልቀቡት ምስማር ብቻውን አይበቃም። ከኋላ ያላችሁት ይታያችኋል?»

«አይታየንም!»

«እንግዲያው ቅረቡዋ!»

አምስቱ ደቂቃ አሥራ አንድ ሆነ። ከሠላሳ ሃያ አራት አገኘች፤ ስድስቱ የተቀነሰው ግማሹን ጀርባዋን ሰጥታ ስለተናገረች ነው። ከዚያ በኋላ በእረፍት ሰዓት ወደ ሥራ ክፍሉ መምጣቷን ተወች። አናጢው መጀመሪያ ቅር አለው። ኋላ ግቢው መሃል ከአራት ልጆች ጋር ስትከራከር ሲያያት፣ ብቻውን እየሳቀ ወደ መጋዙ ተመለሰ።

ጡረታ በወጣ ጊዜ መምህራኑ ሸኙት፤ ከሥራ ዘመኑ ትዝታ ሁሉ የሚበልጥበት የትኛው እንደሆነም ጠየቁት። ተነስቶ፣ አፉ ባዶ ሆኖ፣ እንዲህ አለ፦

«ሰው ሁሉ ያቺን ዝምተኛ ልጅ እንድትናገር ያደረግኳት እኔ እንደሆንኩ ያወራል። ውሸት ነው። ከሁሉ የሚበልጥብኝ የሬዲዮ ነገር ነው። ባልዲ ውስጥ ወድቃ ስታበቃ አልተቀየመችም። በማግስቱ ያንኑ ጫፍ ያዘች፤ ተናገሪ አለቻት፤ እስክትናገር ደግሞ ዝም ብላ ጠበቀቻት። ለሬዲዮ ዝም ማለት ምን ያህል እንደሚከብዳት እናንተም ታውቃላችሁ። እንዲህ ያለ ጓደኛ ያለው ልጅ ዓይን አፋር ቢሆን ምን ቸገረው? ቀስ ብሎ ይናገራል።»