መኪና ያላለፈበት ድልድይ

ድልድዩ ከሜዳው መሀል ብቻውን ቆሟል። ወንዝ የለው፣ ገደል የለው፤ የሚደርስበት መንገድ የለው፣ የሚነሳበት መንገድ የለው። ስድስት ምሰሶ፣ ከላይ የተዘረጋ ኮንክሪት፣ በሁለቱም ጫፍ ተንጨባሮ የወጣ የዛገ ብረት፤ በቃ። ከላዩ አውራ ጎዳና፣ ከሥሩ ደግሞ ሌላ መንገድ ሊያልፍ ነበር አሉ። ሁለቱም ቀሩ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። የሰፈሩ ሴቶች ግን ብልሆች ናቸውና መሰላል አስደግፈው ልብስ ማስጫ አደረጉት። ፀሐዩ ሙሉ ቀን ነው፣ አቧራም አይደርስበትም።

ከድልድዩ ሥር ጀምሮ ቤቶቹን ለሁለት እየከፈለ የሚሄድ ባዶ መሬት አለ። ስፋቱ አርባ እርምጃ ያህል ነው። ሰፈሩ «ባዶው» ይለዋል። በግራና በቀኙ የተቆረጡ ቤቶች ፊታቸውን አዙረው ቆመዋል፤ የአንዱ መኝታ ቤት ሰማያዊ ግድግዳ ዛሬ የውጭ ግድግዳ ሆኗል፤ የሌላው የጓዳ መደርደሪያ ዝናብ ይመታዋል። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሳር በቅሎበታል። መኪና ግን አንድም ቀን አላለፈበትም።

ያን ባዶ ያመጣው ችካል በማን እጅ ተመታ ቢባል፣ በቱምቢ እጅ ነው።

ቱምቢ ቅጽል ስሙ ነው። ግንበኛ ግድግዳው መቅናቱን የሚለካበትን፣ በክር የሚንጠለጠለውን ብረት ታውቁታላችሁ፤ ሰውየውም እንደዚያ ቀጥ ያለ ነው ብለው የሥራ ባልደረቦቹ አወጡለት። እሱም ስሙን እንደ ሹመት ተቀበለው። ለሃያ ስድስት ዓመት የቀያሽ ዘንግ ያዥ ሆኖ ሠራ። ሚስቱ «ይኼ ሰውዬ ተኝቶም ቀጥ ብሎ ነው» እያለች ጎረቤት ታስቅበታለች።

የዘንግ ያዥ ሥራ ሲያዩት ቀላል ነው። መሐንዲሱ መሣሪያውን ከፊት ይተክልና በመነጽሩ ያያል። ዘንግ ያዡ ባለ ቁጥሩን ረጅም ዘንግ ቀጥ አድርጎ ይይዛል። መሐንዲሱ ግራ እጁን ሲዘረጋ ወደ ግራ፣ ቀኙን ሲዘረጋ ወደ ቀኝ፤ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሲያነሳ «ምታ» ማለት ነው። ያን ጊዜ ችካሉ ይመታል፣ ራሱ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰራል፣ ወደፊት ይቀጠላል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የተመታው ችካል ሁሉ ሁልጊዜ ከዘንግ ያዡ ኋላ ነው የሚቀረው። ዘወር ማለት ደግሞ ነውር ነው። ዘወር ካልክ ዘንጉ ያዘነብላል፤ ዘንጉ ካዘነበለ ቁጥሩ ይሳሳታል። በመነጽሩ ማየት የመሐንዲሱ ነው፤ የአንተ ድርሻ እጁን ማየት ብቻ ነው። ቱምቢ በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ በመነጽሩ አላየም። ይኼን ሲናገርም ይኮራበት ነበር፤ ምስኪን!

መሐንዲሱን ደግሞ እንደ አባት ነበር የሚያየው። ያ ሰው ምላሱ ማር ነው። «አንተ ባትኖር እኔ ዕውር ነኝ፣ ቱምቢ» ይለዋል። ቱምቢም ይህን የሰማ ቀን እራቱን ሳይበላ ይጠግባል። መሐንዲሱ የራሱን ቤት ሊሠራ በተነሳ ጊዜም ሁለት የዕረፍት ቀን በነፃ ሄዶ፣ ላቡን ጠብ አድርጎ፣ የመሠረቱን ችካል የመታለት እሱ ነው። መሬቱ ደረቅ ነበር፤ አንዱን ችካል ለማስገባት መዶሻው ሰባት ጊዜ ይወርድ ነበር። ወደ ቤቱ የሚገባው በሌላው አቅጣጫ ነው፣ ጉብታውን ዞሮ፣ በአስፋልቱ በኩል። ቱምቢ በዚያ በር ገብቶ በዚያው በር ወጣ።

አሁን ወደ ወንድሙ ልምጣ፤ የነገሩ እሾህ እዚያ ነው።

ታላቅ ወንድሙ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ምድጃው አባታቸው በጡብ የሠሩት፣ አንድ ጊዜ ከጋለ እስከ ማግስቱ የማይበርድ፣ ጋጋሪው ከልጆቹ እኩል የሚሳሳለት ነበር። አንድ ቀን መሐንዲሱ በዚያ አለፈና ግድግዳው ላይ ቀይ ቀለም ቀባ፤ ይፈርሳል ማለት ነው። በማግስቱ ጠዋት ጋጋሪው እጁን ዱቄት እንደነካው ታናሽ ወንድሙ ቤት መጣ።

«ሦስት ሜትር ብቻ» አለው። «ቤቱን ይውሰዱት፣ ሱቁን ይውሰዱት። ምድጃው ብቻ ይትረፍልኝ። ችካሉን ሦስት ሜትር ገፋ ብታደርገው ማን ያውቃል?»

«ጋሼ፣ እኔ አውቃለሁ» አለ ቱምቢ።

«እኔ ወንድምህ ነኝ።»

«ለአንተ ብዬ ካጣመምኩ ለሌላው ምን እላለሁ? ችካል ዘመድ የለውም፣ ጋሼ።»

ያን ቀን ጋጋሪው አልተቆጣም። ዱቄቱን ከእጁ አራግፎ ሄደ። ከቀትር በኋላ ቱምቢ ዘንጉን ይዞ በዳቦ ቤቱ ጓሮ ቆመ። መሐንዲሱ ከወዲያኛው ጫፍ ግራ እጁን ዘረጋ። ቱምቢ ወደ ግራ ሄደ። እጁ አሁንም ተዘረጋ፤ አሁንም ሄደ። መጨረሻ ምድጃው ላይ ደረሰ። ጋጋሪው የጭስ ማውጫውን ቆርቆሮ ሊነቅል ጣራ ላይ ወጥቶ ነበርና ከኋላው ጠራው። «ማሙሽ!» አለው። በዚህ ስም የሚጠሩት እናቱና ወንድሙ ብቻ ናቸው። «ማሙሽ!» አለው ደግሞ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠራው ድምፁ ተሰበረ። ቱምቢ ዓይኑን ከመሐንዲሱ እጅ አልነቀለም። ሁለቱ እጆች ወደ ላይ ተነሱ። መታ።

ከዚያ ወዲህ ጋጋሪው አላናገረውም። ምድጃው ፈረሰ። ሰውየው ከከተማው ማዶ በሌላ ሰው ምድጃ ተቀጥሮ መጋገር ጀመረ። እናታቸው የሞተች ዕለት እንኳ በሬሳ ሳጥኑ ግራና ቀኝ ቆመው ቀበሯት፤ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ተለያዩ።

ቱምቢ ራሱን የሚያጽናናበት አንድ ነገር ነበረው፤ መንገዱ። መንገዱ ሲያልቅ፣ መኪናው ሽው ሲል፣ ወንድሜ ይገባዋል ይል ነበር። ድልድዩ ሲሠራ በየቀኑ እየሄደ ያይ ነበር። «መኪና ሳያልፍበት እግሬ አይረግጠውም» ብሎም ማለ። ከዚያ አንድ ቀን ሠራተኞቹ ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንዲት ወረቀት ተለጠፈች፤ «ዕቅዱ ተከልሷል» የምትል። አለቀ። ይቅርታ የለ፣ ምክንያት የለ። የስንቱን ቤት አፍርሶ በአንዲት ወረቀት «ተውኩት» የሚል ዕቅድ፣ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዲህ ዓይኑን በጨው አጥቦ ደጅ ይወጣ ነበር?

ቱምቢ መሐላውን አላፈረሰም። ሰፈሩ ሁሉ ድልድዩ ላይ ሲወጣ ሲወርድ እሱ ከሥሩ እንኳ አያልፍም። በባዶው በኩል መሄድም አይወድም፤ የወንድሙ ምድጃ አመድ ገና እግሩን የሚያቃጥለው ይመስለዋል። ጡረታ እስኪወጣ እንዲህ ኖረ።

ባለፈው የነፋስ ወር ታዲያ ሚስቱ ያሰጣችው አንሶላ ተነስቶ የድልድዩ ብረት ላይ ተሰቀለ። እሷ ጉልበቷን ያማታል።

«አንተ ሰውዬ፣ ውጣና አውርድልኝ።»

«እንደማልወጣ ታውቂ የለ?»

«መኪና እስኪያልፍ ልጠብቅ? አንሶላው ይቀደድብኛል እኮ! መሐላህን አጣጥፈህ ትራስ ሥር አድርገውና ውጣ።»

ሳቀና ወጣ። መሰላሉ አሥራ ስድስት ደረጃ ነው። አንሶላውን ከብረቱ አላቀቀ፣ ትከሻው ላይ ጣለው፣ ከዚያ ቀና አለ።

ባዶው ሙሉ በሙሉ ከፊቱ ተዘረጋ። ከላይ ሆኖ አይቶት አያውቅም። በድልድዩ ትክክል ይነሳል፤ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ቤት ጋ ሲደርስ ወደ ግራ ይታጠፋል። ከታጠፈ በኋላ የወንድሙ ምድጃ በነበረበት ያልፍና፣ ትንሽ ሄዶ እንደገና ወደ ቀኝ ተመልሶ መስመሩን ይይዛል። ጉድጓድ የሸሸ ሰው አረማመድ ነበር። ቱምቢ ጉድጓዱን ፈለገ። ዓይኑን ከድልድዩ አንስቶ ሳያጥፍ ቀጥ አድርጎ ላከው። ዓይኑ ጉብታው ላይ ወጣና የሚያውቀው አረንጓዴ ጣራ ላይ አረፈ። ባለ ሦስት ፎቅ ነው። የመሠረቱን ችካል የመታው ራሱ ነው።

አንሶላው ከትከሻው ወደቀ። አላነሳውም።

በዚያው ልቡ መሐንዲሱ ቤት ሄደ። መሐንዲሱም ጡረታ ወጥቷል፤ በጎማ አበባ ያጠጣል።

«ቱምቢ! እንዴት ትዝ አልንህ ዛሬ?»

«ድልድዩ ላይ ወጥቼ ነበር፣ ጌታዬ።»

ሰውየው ጎማውን አልለቀቀም፤ ውሃው ግን አንዲት አበባ ላይ ብቻ መፍሰስ ጀመረ። «እ» አለ።

«መስመሩ በእርስዎ ቤት በኩል ነበር።»

«ያኔ ቤት አልነበረም እኮ። ቦታ ብቻ ነበር። ደግሞ ረግረግ ነበር፤ መንገድ አይሸከምም።»

«እኔ ነኝ ችካሉን የመታሁት። ረግረግ በአንድ ምት ይውጣል፤ ይኼ ሰባት ምት ነው የፈጀው። መንገድ ያልተሸከመ መሬት ሦስት ፎቅ ተሸከመ?»

መሐንዲሱ ውሃውን ዘጋ። ያፍራል ብላችሁ ከጠበቃችሁ አላፈረም። «አየህ፣ መንገዱም ቀረ፤ ማንም አልተጠቀመም» አለው በዚያው ማር ምላሱ። «አንተ ደግሞ ምን አጠፋህ? ዘንጉን ቀጥ አድርገህ ያዝክ። ሥራህ እሱ ነበር።»

«ወንድሜ ሦስት ሜትር ለመነኝ፤ ከለከልኩት።»

«ትክክል ነበርክ» አለ መሐንዲሱ። «ለዚህ እኮ ነው ሌላ ዘንግ ያዥ ያልወሰድኩት።»

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል። ቱምቢ ሞፈሩን ብቻ አላስቆረጠም፤ መጥረቢያውን ራሱ አቀብሏል፣ ሲቆረጥም ላቡን ጠርጓል፣ «አንተ ባትኖር» ሲባል ደስ ብሎታል። ወደ ቤቱ ሲመለስ አንድ ነገር ያዘው፤ አሁን ለወንድሜ የምነግረው አለኝ አለ። የከዳህ እኔ አይደለሁም፣ እኔም እንዳንተ የተከዳሁ ነኝ ልበለው። አሥራ ስምንት ዓመት የተዘጋ አፍ በዚህ ካልተከፈተ በምን ይከፈታል?

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ከከተማው ማዶ ተሻግሮ ወንድሙ የሚሠራበትን ዳቦ ቤት በር ከፈተ። ጋጋሪው አርጅቷል፤ የቅንድቡ ሽበት ከዱቄቱ አይለይም። ረጅሙን የእንጨት አካፋ ይዞ ምድጃው አፍ ላይ ቆሟል። አየው፤ አላባረረውም።

«ጋሼ፣ መስመሩ ታጥፎ ነበር» አለ ቱምቢ፣ ሰላምታውንም ረስቶ። «አንተ ጋ መምጣት አልነበረበትም። የራሱን ቦታ ሊያተርፍ ነው። ትናንት ነው ያየሁት።»

ጋጋሪው አካፋውን ምድጃው ውስጥ ሰደደ፤ አራት ዳቦ አወጣ፤ መደርደሪያው ላይ አንድ በአንድ አኖረ።

«እኔ ያኔውኑ አይቻለሁ» አለ።

«መቼ?»

«ጣራ ላይ ነበርኩ። ቀይ ጨርቆቹ ከድልድዩ ቦታ ጀምረው ቀጥ ብለው መጥተው፣ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሲደርሱ ወደ እኔ ሲታጠፉ አየኋቸው። ሕፃን ቢሆን ያየው ነበር።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ማሙሽ እያልኩ የጠራሁህ እንድታዝንልኝ መሰለህ? ልመናዬን ጠዋት ጨርሼ ነበር። ዘወር በልና መስመሩን እይ ልልህ ነበር። በአንተ እኮ ቀጥ ማለት ተማምኜ ነበር። ካየህ አትመታም ብዬ።»

«ዘንግ የያዘ ሰው ዘወር አይልም፣ ጋሼ።»

«ሦስት ጊዜ ጠርቼህ ዘወር ሳትል ስትቀር፣ ያውቃል ማለት ነው አልኩ። ለወንድሙ ሦስት ሜትር ከልክሎ ለጌታው መቶ ሜትር ሰጠ አልኩ። ይኼን ይዤ ነው የኖርኩት።»

«አላወቅሁም። በእናታችን አፈር!»

«አምንሃለሁ» አለ ጋጋሪው። ዳቦዎቹን በጨርቅ ሸፈነ። «አምንሃለሁ፤ ግን አልቀለለኝም። ከእኔ ድምፅ የሰውየው እጅ በለጠብህ ማለት ነው።»

ቱምቢ ያችን አንዲት እውነት በደረቱ ታቅፎ ከተማውን አቋርጦ መጥቶ ነበር፤ ለካስ እውነቷ ከእሱ ቀድማ ደርሳ እዚህ ቤት አሥራ ስምንት ዓመት ተቀምጣለች። ወንድሙ ጀርባውን ሰጥቶ አዲስ ሊጥ ማስተካከል ጀመረ። ቱምቢም ወደ በሩ ሄደ፤ ከፈተው፤ እግሩን ወደ ውጭ አወጣ።

«ማሙሽ!» አለ ጋጋሪው ከኋላው።

ቱምቢ አንገቱ ቀጭ እስኪል ዘወር አለ።

«በሩን ዝጋው» አለው ወንድሙ፣ ከሊጡ ቀና ሳይል። «ሙቀቱ ይወጣል።»