የአምሃ መዝገብ ወደ ፕሮግራሙ ሲገባ

ጥሩብርሃን የምትኖረው ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ፣ አቀበቱ እግር ማዛል በሚጀምርበት ሰፈር ነው። ወጣትነቷን የጨረሰችው በሸማቾች ሱቅ ውስጥ ሂሳብ ስትሠራ ነው። ስኳሩን፣ ዘይቱን፣ ሳሙናውን ስትመዘግብ ኖራ፣ ሱቁ ሲዳከም እሷም ቤቷ ገባች። ልጆች አልወለደችም። ከባሏ ከአምሃ ጋር ግን ወሬ አያልቅባቸውም ነበር። ሁለቱም የሂሳብ ሰዎች ስለነበሩ የዋለበትን ሲነግራት ማስረዳት አያስፈልገውም ነበር።

አምሃ የሚሠራው ለእንጦጦ ሴቶች የቁጠባና ብድር ማህበር ነበር። አባላቱ ድሮ ባሕር ዛፍ በጀርባቸው እየተሸከሙ ከተማ የሚያወርዱ፣ በኋላ ሽመናና ጉሊት የያዙ ሴቶች ናቸው። አንድ ድርጅት የተወውን አሮጌ ኮምፒውተር ማህበሩ ባገኘ ጊዜ አምሃ በሁለት ጣቱ እየለቀመ መጻፍ ተማረና፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የእያንዳንዷን ሴት ማስገባትና ማውጣት ኤክሴል ላይ መዘገበ። 2003 ሚያዝያ ላይ ታሞ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ሴቶቹ ለቅሶ ተቀምጠው ሲነሱ ሊቀመንበሯ ወይዘሮ ኢፍቱ፣ «ወንበሩን ለማናውቀው ሰው አንሰጥም፤ ነይ አንቺ ተቀመጪበት» አለቻት። ጥሩብርሃን ሄዳ ተቀመጠች። ኮምፒውተሩን ስትከፍት የእሱ ፋይል ነው የሚጠብቃት። አንዲት ሴት በሞተ ባሏ እጅ ላይ እጇን አስደግፋ መሥራት ምን እንደሚመስል ለማንም ተናግራ አታውቅም።

በ2004 ጥቅምት ማህበሩ የሂሳብ ፕሮግራም ገዛ። የሸጠው ድርጅት ሳምራ የምትባል ልጅ ላከ፤ መሪ ኮንዶሚኒየም የምትኖር፣ ጂንስ ለባሽ፣ አፏ ፈጣን።

«እትዬ፣ ይሄን ሁሉ እንደገና ልንጽፍ አይደለም» አለች የአምሃን ፋይል አይታ። «ኢምፖርት የሚል አለው። የእርስዎን ፋይል የትኛው አምድ ስም፣ የትኛው ቀን፣ የትኛው ብር እንደሆነ አንዴ እናሳየዋለን፤ ከዚያ ራሱ ያነበዋል።»

«የእኔ አይደለም፤ የባለቤቴ ነው» አለች ጥሩብርሃን።

ሳምራ አምዶቹን አንድ በአንድ ከፕሮግራሙ አምዶች ጋር አገናኘችና ተጫነች። አንድ ሰማያዊ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ መሙላት ጀመረ። ከሥሩ ስሞች ይሮጣሉ፤ ዓለም፣ ሰላማዊት፣ ኢፍቱ፣ እንደገና ዓለም። አምሃ ክረምት ከበጋ፣ እግሩን ብርድ እየበላው የጻፈው ሁሉ ሻይ ተቀድቶ ሳይቀዘቅዝ ገብቶ አለቀ። ጥሩብርሃን አፏን በነጠላዋ ይዛ ቀረች። ታቦት ሲያልፍ ቆማ የምታይ ነበር የምትመስለው።

ወይዘሮ ኢፍቱ በሩን ተደግፋ ታይ ነበር። «አሁን ይሄ ሁሉ እንጨት በአንድ ሸክም ወረደ ነው የምትሉኝ?»

«በአንድ ሸክም፣ እማማ» አለች ሳምራ።

«ወይ ጉድ። ይሄን በእኛ ጊዜ ወዴት ደብቃችሁት ነው? ወገቤ ሳይጎብጥ ብታመጡት ምናለ።»

«ተጠናቋል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ሳምራም ሌላ ደንበኛ ይጠብቃት ስለነበር ፈጥና ሄደች።

ነገሩ የተበላሸው በማግስቱ ነው። አቶ ጎበና የቁጥጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው፤ ጡረተኛ፣ ባርኔጣቸውን ቤት ውስጥም የማያወልቁ ሰው። ፕሮግራሙ ያወጣውን ሪፖርት ከባንክ ወረቀት ጋር አስተያዩ። ፕሮግራሙ «ባንክ ውስጥ መኖር አለበት» ያለውና ባንኩ «አለ» ያለው አልተገናኘም። ከባንኩ የጎደለው ደግሞ በስህተት ተንጠባጠበ የሚባል ዓይነት አልነበረም።

«የአምሃ ፋይል ላይ ያለው ድምር ከባንኩ ጋር እኩል ነው» አለች ጥሩብርሃን። «ሰኔ ሠላሳ የዘጋሁት እኔ ነኝ። እኩል ነው።»

«እሱ ነው የሚያሳስበኝ» አሉ አቶ ጎበና ድምፃቸውን ሳያነሱ። «የሚደብቅ ሰው መጀመሪያ የሚያስተካክለው ድምሩን ነው። ወይዘሮ ጥሩብርሃን፣ አይቀየሙኝ። ሰው ሊሳሳት ይችላል። ማሽን ግን ዘመድ የለውም።»

ወረቀቱን አጥፈው ወጡ። ኅዳር ላይ ጠቅላላ ጉባኤ አለ፤ ሪፖርቱን የሚያነቡት እሳቸው ናቸው። ጥሩብርሃን በዚያ ቀን ቁልቁለቱን ስትወርድ ጉባኤው ላይ የሚሆነው ይታያት ነበር። ሴቶቹ አይጮሁም። ወደ መቀነታቸው ያያሉ። ከዚያ በኋላ አምሃ የሚነሳው በሹክሹክታ ብቻ ይሆናል። እሱ መልስ መስጠት አይችልም። መልስ የምትሰጥለት እሷ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ የምታሳየው ነገር የላትም።

እቤቷ ገብታ ሽሮዋን ሠራች፤ አልበላችውም። በነጋታው ሳምራ ዘንድ ደወለች።

ሳምራ በታክሲ መጥታ፣ ጭቃውን በሩ ላይ ከጫማዋ አራግፋ ተቀመጠች። አቶ ጎበናም መጥተው ከኋላ ቆሙ። ወይዘሮ ኢፍቱ አግዳሚው ላይ ናት።

«ባለፈው ሲያልቅ ሌላ ፋይል ከፍታችሁ አይታችኋል?» አለች ሳምራ።

«የምን ፋይል?»

ልጅቱ ማውሱን ያዘች። «ፕሮግራሙ ያልተቀበለውን ለብቻ ያስቀምጣል። የትኛው መስመር እንደሆነ፣ ለምን እንደመለሰው ጽፎ። እኔ ነበርኩ ማየት የነበረብኝ። ቸኩዬ ነው።»

ከፈተችው። መስመሮቹ ተደርድረው ወጡ። ከእያንዳንዱ ጎን አንድ ዓይነት ነገር ተጽፏል፤ ቀኑ ልክ አይደለም። ጥሩብርሃን መነጽሯን አደረገች። 3/13/1998። 3/13/1998። 2/13/1999። ጥቂት ቦታ ላይ የጥቅምት ሠላሳና ሃያ ዘጠኝ አለ። የቀረው ሁሉ አሥራ ሦስተኛ ወር ነው።

እሷና ሳምራ ተያዩ።

«የፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚያውቀው» አለች ሳምራ ቀስ ብላ። «ሁሉንም ቀን የፈረንጅ እየመሰለው ነው ያስገባው። የእነሱ ሁለተኛ ወር ሠላሳ የለውም። አሥራ ሦስተኛ ወር ደግሞ…»

«ጳጉሜንን ነው የመለሰብን?» አለች ወይዘሮ ኢፍቱ። «እንዴ! በጳጉሜን እኮ ነው ብራችንን የምንወስደው።»

እውነት ነው። የእንጦጦ ሴቶች ዓመቱን ሙሉ ያስገባሉ እንጂ አያወጡም። ለዘመን መለወጫ ያጠራቀሙትን የሚወስዱት በጳጉሜን ነው፤ ለቅርጫው፣ ለልጆች ደብተርና ጫማ። አብዛኞቹ የሚመጡት በሩፋኤል ቀን ነው። ዝናቡ ሲጥል ተራቸውን ትተው ደጅ ይወጡና በረከቱን በፊታቸው ይቀበላሉ፤ አምሃም እስኪመለሱ ይጠብቃል። ፕሮግራሙ ማስገባታቸውን ሁሉ ተቀብሎ፣ ማውጣታቸውን መልሶታል። ጎደለ የተባለው በየዓመቱ በሬ ሆኖ ተበልቷል።

«እኔ እንኳ የበላሁትን አልክድም» አለች ወይዘሮ ኢፍቱ። አቶ ጎበና አልሳቁም፤ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ።

ሳምራ የገባውን ሁሉ በአንድ ትዕዛዝ መልሳ አወጣችው። ከዚያ ከቀኑ አምድ አጠገብ ሌላ አምድ ከፍታ የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ የሚለውጥ ቀመር ጻፈች፤ ጥሩብርሃን ጳጉሜን ስድስት የሚሆንበትን ዓመት እየነገረቻት። ሰማያዊው መስመር እንደገና ሞላ። የተመለሰ መስመር አልነበረም።

«አሁን ባንኩን እንስጠው» አለች ሳምራ። ባንኩ የዓመታቱን የሂሳብ መግለጫ በፍላሽ ገልብጦ ሰጥቷል። ፕሮግራሙ ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያስተያይ ገጽ አለው፤ በግራ የባንኩ፣ በቀኝ የማህበሩ።

ጥሩብርሃን ቀጥሎ ያየችውን እስከ ዛሬ ስትናገር ድምፅዋ ይቀንሳል። መስመሮቹ እርስ በርሳቸው መፈላለግ ጀመሩ። ባንኩ ሴፕቴምበር ሰባት ብሎ የጻፈው፣ አምሃ ጳጉሜን ሁለት ብሎ ከጻፈው ጋር ተገናኘና ሁለቱም አረንጓዴ ሆኑ። ቀጣዩ ተገናኘ። ከዚያ ሌላው። ፎቅ ውስጥ ተቀምጦ አምሃን አይቶት የማያውቅ የባንክ ሠራተኛና፣ እዚህ ጣሪያው በሚያንጠባጥብ ክፍል በሁለት ጣቱ የሚለቅም ሰው፣ ሳይነጋገሩ ያንኑ ቀን፣ ያንኑ ብር ጽፈው ኖረዋል። በአንዱ ዓመት አንድ ቢሳሳት እዚህ ላይ ቀይ ሆኖ ይቀር ነበር። እሷ ቀይ ፈለገች። ዓይኗን ሳትነቅል፣ እየፈራች ፈለገች። አረንጓዴው ወርዶ ወርዶ የ2002 ጳጉሜን ላይ ደረሰ፤ አምሃ የጻፈው የመጨረሻው ጳጉሜን ነው። እሱም ጥንዱን አገኘ።

«ልዩነት ዜሮ» ብላ አነበበች ሳምራ።

አቶ ጎበና ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ማሽኑን እንጂ የአምሃን መዝገብ አልጠየቅሁትም» አሉ። ከዚያ ወደ ጥሩብርሃን ዞረው፣ «ጉባኤው ላይ ይሄን ገጽ ነው የማነበው። የተጠራጠርኩትንም እናገራለሁ፤ በሹክሹክታ የነገርኩት ሰው አለ» አሉ። እሷ አንገቷን ብቻ ዝቅ አደረገች።

ሳምራ ፕሮግራሙን ልትዘጋ ስትል ስክሪኑ ላይ አንድ ባዶ ሳጥን አየች። «እትዬ፣ መዝጋቢ የሚል አለ። ለገባው ሁሉ አንድ ስም ይፈልጋል። የእርስዎን ላድርገው? ከአሁን በኋላ የሚሠሩበት እርስዎ ነዎት።»

«ከግንቦት ወዲህ ያለውን የእኔን አድርጊው» አለች ጥሩብርሃን። «እስከ ሚያዝያ ያለውን አምሃ በይው።»

«የሌለ ሰው እንደ ተጠቃሚ መመዝገብ…» ብላ ጀመረችና ሳምራ የጥሩብርሃንን ፊት አየች። ቀሪውን ዋጠችው። «የአባታቸው ስም?»

ጥሩብርሃን ነገረቻት። ልጅቱ ጻፈችና ተጫነች፤ የሰባት ዓመቱ መስመር ሁሉ፣ ከላይ እስከ ታች፣ በአንድ ጊዜ ስሙን ያዘ።