ቀኑ ያልደረሰ ማኅተም

አስቻለች ወልደ ሰንበት ሰው ፊት መናገር አትወድም። ያደገችው ወደ አሸተን ማርያም ከሚያወጣው መንገድ ግርጌ፣ የቅኔ መምህር በሆኑት አባቷ ቤት ነው። ግቢው ከማለዳ እስከ ማታ በተማሪ ድምፅ ስለሚናወጥ እሷ ዝምታን መረጠች። ወልድያ ሄዳ ኮምፒውተር ስትማርም የወደደችው ይህንኑ ነበር፤ ኮምፒውተር አይጮህም፣ አያፈጥም፣ ቢሳሳቱበት ለጎረቤት አያወራም። ተመርቃ ላሊበላ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስትቀጠር አባቷ፣ "እንግዲህ አንቺም ደቀ መዝሙር አገኘሽ፤ ያውም የማይበላ!" ብለው መረቋት።

አምስት ዓመት ሠራች። መምህራኑ "አስቹ፣ ኮምፒውተሬ ሞተብኝ" ብለው ሲጠሯት ትሄድና ጎንበስ ብላ ሶኬቱን ትሰካዋለች። "ምን ሆኖ ነው?" ሲሏት፣ "ትንሽ ደክሞት ነው" ትላለች እንጂ አልተሰካም ነበር ብላ ማንንም አሳፍራ አታውቅም።

በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ላይ ግን የተበላሸው የገዛ እጇ ሥራ ሆነ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የሚገቡበትን ዩኒቨርሲቲና የሚማሩትን ትምህርት በድረ ገጽ መምረጥ ነበረባቸው። ምርጫው የሚሞላው በትምህርት ቤቱ መስመር ብቻ ነው፤ የመጨረሻው ቀን ነሐሴ ሃያ አምስት፣ የመጨረሻው ሰዓት ከቀኑ አሥራ አንድ። ያልመረጠ ሰው ሌሎች መርጠው የተረፈው ይደርሰዋል። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደ ውጭ የሚወጡት በአንድ ሰርቨር በኩል ሲሆን፣ እሱም አርጅቶ ነበር። አስቻለች ልጆቹ በዝናብ ቆመው እንዳይጉላሉ ብላ በዋዜማው አሮጌውን ሲስተም አጥፍታ አዲስ ጫነችበት። ፕሪንተሩ ሲያትም አየችና ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት አርባ ሦስት ተማሪ በሩ ላይ ተሰልፏል። ከፊቱ የቆመችው ይማርሽ ናት፤ በሌሊት ከብልባላ ተነሥታ ጃንጥላዋን ይዛ በእግሯ የመጣች። አስቻለች ወንበር ስባ አስቀመጠቻትና የድረ ገጹን ስም ጻፈችላት። "አልተገኘም" የሚል ጽሑፍ ወጣ። ደገመችው። አልተገኘም።

ሽቦውን ነካካች፣ ሰርቨሩን አጥፍታ አበራች፣ ቅንብሩን ከፍታ እንደ አዲስ ጻፈች። ጠዋቱ እንዲሁ አለቀ፤ ያው ነው። የሚገርመው፣ በስሙ ፋንታ ቁጥሩን ስትሰጠው መስመሩ እሺ ብሎ ይሄዳል፤ ድረ ገጹ ግን በቁጥር ለጠራው ሰው አይከፍትም።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ የኔሰው ባርኔጣቸውን እያራገፉ ገቡ።

"ምነው አስቹ፣ ደክሞት ነው?"

"የለም ጋሼ። ስም አልለይ ብሎ ነው።"

"የማንን ስም?"

"የሁሉንም። እርስዎ ስም ሲነገርዎ የፋይሉን ቁጥር አይተው ያወጡ የለም? እሱም እንደዚያ ነው የሚሠራው። የድረ ገጹን ስም ስንነግረው ቁጥሩን ጠይቆ ማምጣት ነበረበት። ዛሬ እምቢ አለ።"

"ጡረታ ይውጣ! እኔ በሠላሳ ዓመት አንድ ፋይል ጠፍቶብኝ አያውቅም።"

"አምና የኔ ጠፍቶ አልነበር ጋሼ?" አለች ይማርሽ።

"አልጠፋም። ያለበት ቦታ ነው የጠፋኝ።"

ሰልፉ ሳቀ። እሳቸው ግን ለመልስ አላነሱም። "ለመሆኑ አንቺ ምን ልትመርጪ ነው?"

"ጂኦሎጂ።"

"እሱ ደግሞ ምንድን ነው?"

"የድንጋይ ጥናት።"

"ድንጋይ! ብልባላ ድንጋይ አጥተሽ ነው ዩኒቨርሲቲ የምትወርጂ?"

"ብልባላ ያለውንማ አውቀዋለሁ፤ ስሙን የሚነግረኝ ነው ያጣሁት" አለች። አራት ዓመት ሙሉ በየሰኞው ከስንቋ ጋር ያን መንገድ የተመላለሰችው ለዚህ ነው። የተረፈ ትምህርት እንዲደርሳት አይደለም።

አስቻለች ይህን ሰምታ ሰዓቷን አየች። ስምንት ሰዓት ሆኗል። ካጠፋችው ሲስተም የተረፈ ምንም የለም፤ ወደ ኋላ መመለሻ የላትም። ማልቀስ አማራት። ሰው ፊት ማልቀስ ግን ሰው ፊት ከመናገርም ይከፋል። ስለዚህ ሰርቨሩ የዕለት ሥራውን ራሱ የሚመዘግብበትን ፋይል ከፍታ ከላይ ጀምሮ ታነብ ጀመር።

"ምን ይላል?" አሉ ጋሽ የኔሰው ከትከሻዋ በላይ አጮልቀው።

"እንግዲህ... መልሱ መጥቷል ይላል። ግን ማኅተም አለው። ማኅተሙ የታተመበት ቀን ገና ስላልደረሰ አልቀበልም ነው የሚል።"

"ጎሽ! አንጀቴን አራሰው!" ጋሽ የኔሰው ጠረጴዛውን መቱት። "እኔም ብሆን አልቀበል! ባለፈው በነገው ቀን የተጻፈ ደብዳቤ ይዘው መጡ። ነገ ይዛችሁት ኑ ብዬ መለስኳቸው። ቀኑ ያልደረሰ ማኅተም ምን ማኅተም ነው?"

አስቻለች እንደ ሰልፉ ልትስቅ አፏን ከፈተችና እንዳለች ቀረች።

"ጋሼ፣ ዛሬ ስንት ነው?"

"ነሐሴ ሃያ አምስት፣ ሁለት ሺህ አሥር።"

"በፈረንጅስ?"

"የፈረንጅን ቀን እኔ ምን ቤት ነኝ?"

ነገሩ እንዲህ ነው። በተቀጠረች ሰሞን ጋሽ የኔሰው፣ "ከዚህ ቤት የሚወጣ ወረቀት የሀገሩን ቀን ይያዝ" ብለው ለመኗት። አይሆንም ማለት አፈረች። ወረቀቱ ቀኑን የሚወስደው ከሰርቨሩ ስለሆነ፣ የሰርቨሩን ቀን በኛ አቆጣጠር ሞላችው። ከዚያ ወዲህ የፈረንጅ ወር ሠላሳ አንድ እያለ ሲያስቸግር፣ ጋሽ የኔሰው ወር በገባ ቁጥር ባርኔጣቸውን አውልቀው ይገቡና ቀኑን በእጃቸው ያስተካክላሉ። ጳጉሜን ኮምፒውተሩ ጨርሶ አያውቃትም፤ በእስክሪብቶ ትጻፋለች። ሰርቨሩም ከዓለም ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ ቀርቶ በሰላም ሲኖር ቆየ። አሮጌው ሲስተም የማኅተም ቀን አያይም ነበር። አዲሱ ያያል። ትናንት ስትጭንም ያንኑ ቀን በገዛ እጇ አስገባችለት፤ ልማድ ሆኖባት።

አስቻለች ከወንበሯ ተነሣች። አርባ ሦስት ጥንድ ዓይን ተመለከታት።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለች። ድምፅዋ መጀመሪያ ቀጠነ፣ ከዚያ ወጣ። "ያሰብኩት ለናንተ ነበር። ቀኑን ያሳሳትኩት ግን እኔ ነኝ።"

"ኧረ በሞትኩት! ያዘዝኩሽ እኔ አይደለሁ?" አሉ ጋሽ የኔሰው። "ጥፋቴን አትውሰጅብኝ።"

"የሠራሁት እኔ ነኝ ጋሼ።"

"ያዘዘ ነው የሚጠየቅ! መዝገብ ቤት ስንት ዓመት የኖርኩት ይህን ሳላውቅ ነው?"

"ኧረ ለሁለት ተካፈሉትና ወደ ሥራ!" አለ ከሙጃ የመጣ አንዱ ተማሪ ከበሩ ላይ። ሳቁ እስከ ሜዳው ተሰማ።

አስቻለች ወንበሩን ለጋሽ የኔሰው ለቀቀችላቸው። ወር በገባ ቁጥር የሚያስተካክሉት እሳቸው ናቸውና ዛሬም ይገባቸዋል። በአንድ ጣታቸው፣ እሷ የነገረቻቸውን እየጠሩ፣ ኦገስት ሠላሳ አንድ፣ ሁለት ሺህ አሥራ ስምንትን ጻፉ።

"በአንድ ጣት ስምንት ዓመት አረጀሁ" አሉ። "ደብዳቤዬስ?"

"ወረቀቱ ሲታተም ቀኑን ወደኛ የሚቀይር ነገር እሠራልዎታለሁ። ሰርቨሩ የሱን ይያዝ፣ ወረቀቱ የኛን።"

"ጳጉሜንስ?"

"ጳጉሜንም።"

"እንዲያ ከሆነ ይጫን!" አሉና ቁልፉን ጫኑት።

ይማርሽ የድረ ገጹን ስም እንደገና ጻፈች። ነጩ ገጽ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ሰማያዊው መስመር፣ ቀጥሎ የምርጫው ሠንጠረዥ፣ ከላይ ወደ ታች ዝርግፍ አለ። የጮኸው ሰልፉ ነው ወይስ ጋሽ የኔሰው፣ አልታወቀም። አስቻለች ደግሞ እጇን አፏ ላይ ጭና እየሳቀች ነበር፤ እንባዋም መጣ፣ ማንም ግን አላየባት።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አሥር ጉዳይ ነው። ሌሎቹን ኮምፒውተሮችም አበራቻቸውና ልጆቹን አራት አራት እያደረገች አስገባች። "እናንተ ሁለቱ እዚያ! አንቺ ባለ ሹራቧ፣ ወደዚህ!" ትላለች። ጋሽ የኔሰው ፋይሎቻቸውን ታቅፈው እየተመላለሱ የመታወቂያ ቁጥር ይነግራሉ።

ይማርሽ አንደኛ ምርጫዋን ሞላች፤ አንድ ጊዜ አነበበችው፣ ሁለተኛ አነበበችው፣ ጋሽ የኔሰው እንዳያዩባት በመዳፏ ጋርዳ ሦስተኛ አነበበችው። ላከችው። "ምርጫዎ ተመዝግቧል" አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ "እርስዎ" ተብላ ነበርና ፈገግ አለች።

ጃንጥላዋን አነሣችና ከኋላዋ ተራ ለምትጠብቀው ልጅ ቦታውን ለቀቀች።

"ወንበሩን አሙቄልሻለሁ፤ ቁጭ በይ።"