በሁዳዴ ያልተመታ ከበሮ

የቢቸና ባንድ ሲባል ሦስት ሰው ነበርን፤ እኔ ጊታር፣ የሒሳብ መምህሩ አኮርዲዮን፣ የግብረ ገብ መምህሩ ከበሮ። የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ግድም ነው። ባንድ ሁሉ የክቡር ዘበኛ ወይ የሆቴል ነበር፤ እኛ ግን የማንም አልነበርንም። ተማሪው ሲበተን ባዶ ክፍል ገብተን እንጫወታለን፤ የጠመኔው ብናኝ በመስኮት በገባው ፀሐይ ውስጥ ይንሳፈፋል። ባለ ከበሮው ድቁናውን ትቶ አስኳላ የገባ ሰው ነው። እሱ ሲመታው የፈረንጁ ሮክ እንኳ ጎጃሜ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ከሞጣ ለአዳራሽ ምርቃት ተጠራን፤ ከአዲስ አበባ የራዲዮ ሰው እንደሚገኝም ተነገረን። ደስታ አሰከረኝና ማንንም ሳልጠይቅ እሺ ብዬ ፈረምኩ። ቀኑ ከፋሲካ በኋላ መስሎኝ ነበር፤ የቆጠርኩት ለካ በአምናው ፋሲካ ኖሯል። እኔ፣ የመሪጌታ ልጅ!

ደብረ ወርቅን አልፈን በጭነት መኪና፣ በጆንያ ላይ ተንጋለን ስንሄድ ሰማዩ አብሮን የሚጓዝ ይመስለኝ ነበር። ባለ ከበሮው መንገዱን ሙሉ ከበሮውን እንዳቀፈ ነበር። መድረኩ ሥር ስንደርስ ከበሮውን መሬት አስቀመጠው።

«ሁዳዴ ነው እኮ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የማይነሳውን ከበሮ እዚህ ላንሳው?»

«ሦስት ዓመት የለፋነው ለዚች ቀን አይደለም እንዴ!» ብዬ ጮህኩበት። አፈርኩ ወዲያው።

ከአዳራሹ ዘበኛ ዱላውን ተቀበለና መድረክ ላይ ወጣ። ጣውላውን በዱላው ቀስ እያለ መታ፤ ግራና ቀኝ ዘመመ፣ በጾም ካህናት በመቋሚያ እንደሚያደርጉት። ፈጣኑ ዘፈናችን እርጋታ ያዘ። ፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሳያውቁት አብረውት ይወዛወዙ ጀመር። እኔም ጊታር መያዜን ረስቼ ልጅ ሆኜ አባቴን የማይ መሰለኝ። እንደዚያ ቀን ተጫውተን አናውቅም።

የራዲዮው ሰው እየሮጠ መጣ። «ከፋሲካ በኋላ አዲስ አበባ ኑ፤ ባለ ዱላውን ግን እንዳታስቀሩት» አለን።

ባለ ከበሮው ዱላውን ለዘበኛው መለሰ። «እናንተ ሂዱ። እኔ ዛሬ መድረኩ ላይ ቆሜ ነው የናፈቀኝን ያወቅኩት» አለኝ። ተለማመጥኩት፤ ተቆጣሁት፤ ፈገግ ብሎ ሰማኝ እንጂ ሐሳቡን አልለወጠም።

አዲስ አበባ አልሄድንም። ተቀይሜው ቆየሁ። በዳግማ ትንሣኤ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥግ ቆሜ ሳለሁ ከበሮው ከውስጥ ተመታ፤ እጁን ወዲያው አወቅኩት። ጣቶቼ በጋቢዬ ላይ የጊታር ክር ሲፈልጉ አገኘኋቸው፤ አለቀስኩም።