ሲታደል የከረመ ኪኒን

ጤና ረዳት ሆኜ ቆቦ ክሊኒክ ሥራ በጀመርኩበት ዕለት የደም ግፊት መለኪያው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት አገኘሁት። «እዚህ አገር የሚገድለው ወባ ነው፤ ግፊት የሹማምንት በሽታ ነው» አለኝ ኃላፊያችን። ስንት ተነታርኬ አስከፈትኩት።

መጀመሪያ የለካሁት ሸህ ይማምን ነው። በደርግ ዘመን ፍርድ የሚሰጠው የቀበሌ ሸንጎ ቢሆንም፣ ደም ሲፈስ ከሮቢት እስከ ጎብዬ ሰው የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነበር፤ የገዳይንና የሟችን ቤተሰብ የሚያስታርቁ ደም አድራቂ ሽማግሌ ናቸው። የመጡት ጉልበታቸውን አሟቸው ነው። ሜርኩሪው ሽቅብ ሲወጣ ደነገጥኩ።

«ከጉልበቴ በቀር ምንም አላመመኝም'ኮ፣ ልጄ።»

«እሱን ነው የምፈራው፣ አባቴ። ይህን የግፊት ኪኒን ደህና ነኝ ብለው እንዳያቆሙ፤ በየቀኑ ይዋጡ።»

«ኢንሻአላህ።»

በወሩ ሲመጡ ኪኒኑ አልቋል፤ ግፊቱ ግን ያው ነው። ግራ ቢገባኝ ቤታቸው ሄድኩ። ለካ ራሱን ያመመው ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አንድ አንድ ይወስዳል!

«ሰው ታሞ እያየሁ ለብቻዬ ልዋጥ?» አሉኝ።

«መድኃኒት እንደ ቂጣ አይታደልም!» ብዬ ጮኽኩ። ሳቁብኝ። በተከታዩም ወር አደሉት። ኃላፊዬ ይህን ሲሰማ፣ «ነግሬህ ነበር፤ ኪኒን አታባክን» አለኝ። በሁለቱ መሀል እኔው ግፊት ሊይዘኝ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ሸህ ይማም ስሜን ይጠይቁኝ ጀመር፤ የሰፈራቸውም መንገድ ይጠፋባቸዋል። «ግፊቱ አንጎላቸውን እየጎዳ ነው» ብል ማን ይስማኝ። «እርጅና ነው» ይሉኛል።

አንድ ቀን ሁለት ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን ሊያስታርቁ ተቀመጡ። እኔም ነበርኩ። ወደ ሟች አባት ዞረው፣ «ልጅህ የታለ? ይምጣና እሱም ይቅር ይበል» አሉ።

የሟች ወንድሞች ተነሡ። አባትየው በእጁ አስቀመጣቸውና፣ «ሸህ ይማም፣ ልጄን'ኮ በእጅዎ ነው የቀበሩት» አለ።

ሽማግሌው ፊታቸውን በፎጣቸው ሸፈኑ። ዕርቁን ሌላ ሽማግሌ ጨረሰው።

ከዚያ ወዲያ ባለቤታቸውን እትዬ ዘይነባን ጠርቼ አስረዳኋቸው፤ ኪኒኑን በመቀነታቸው ቋጥረው፣ ጧት ጧት ከሶላት በኋላ እያስዋጡ አንዲትም ለጎረቤት አልሰጡም። ግፊቱ ወረደ። የጠፋው ትዝታ ግን አልተመለሰም፤ ሸህ ይማምም ዳግም ለዕርቅ አልተቀመጡም።

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፦ ግፊት የማያም በሽታ ስለሆነ በሽተኛው አያምናችሁም። ኪኒኑን ስትሰጡ አብሮት የሚኖረውን ሰው ጠርታችሁ አስረዱ።