በሙሉ ድምፅ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ለእሳቸው የነገርኳቸው የሚያምረውን ግማሽ ነው። ዛሬ ለአንተ፣ ለማታውቀኝ አንባቢ፣ እንደሆነው ልናገር።

በደርግ ጊዜ ድሬ ዳዋ ውስጥ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበርኩ። ሙሜ ከጎኔ ባለው ማሽን ላይ ይሠራል። ሠራተኛው ወዶ የመረጠው ተጠሪያችንም እሱ ነበር። ካድሬው ላመጣው ትእዛዝ ሁሉ «ሠራተኛው ሳይመክርበት አይሆንም» ስለሚል ሊያወርዱት ፈለጉ፤ ያውም ስብሰባ ጠርተው በእኛው እጅ። ሙሜ ከስብሰባው በፊት ወደ እኔ መጣ።

«አቦ ተስፍሽ፣ ሌላው ያውጣ፤ አንተ ብቻ እጅህን አታውጣ። አንድ ሰው ከቀረ በሙሉ ድምፅ ወረደ አይሉኝም።»

ቃል ሰጠሁት።

ስብሰባው የተጠራው ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይዋ አናት በምትበሳበት ሰዓት ነበር። ያ ሰዓት ለድሬ ሰው ተሰብስቦ ጫት የሚቅምበት የበርጫ ሰዓት መሆኑን ካድሬዎቹ አሳምረው ያውቃሉ። ጫቴን ጠዋት ገዝቼ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ቤት አስቀምጫለሁ። ካድሬው ሙሜን አድኃሪ እያለ ያወራል፣ ያወራል፤ እኔ የማስበው ጫቴ እንዳይጠወልግ ነው። እጅ አውጡ ሲባል አወጣሁ። እኔ፣ ቃል የሰጠሁት፣ ቶሎ እንዲያልቅ ብዬ አወጣሁ። ሙሜ ዞሮ እጄን አየ። በሙሉ ድምፅ ተባለ። በማግስቱ ከቤቱ ወሰዱት።

ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ ቃምኩ። ጫቱ አልጠወለገም ነበር።

ነፃነት የሚሉት ነገር ከእኔ የጠየቀው እጄን ጭኔ ላይ እንዳስቀምጥ ብቻ ነበር። ይህ አቅቶኝ ነው? አላቃተኝም።

ሙሜ ከዓመታት በኋላ ተፈትቶ ከዚራ ሰፈር መንገድ ላይ አገኘኝ። አንድ እግሩን ይጎትታል። አቀፈኝ።

«ፈርተህ ነው፤ ማን ያልፈራ አለ? ወላሂ አልተቀየምኩህም።»

እኔስ ምን አልኩ? «አዎ፣ ፈርቼ ነው» አልኩት። አልፈራሁም ነበር እኮ። ቸኩዬ ነበር።

እውነቱን ሳልነግረው ቢዮ አዋሌ ገጠር፣ ወንድሙ ዘንድ ሄዶ እዚያው ሞተ። ካቀፈኝ ቀን ጀምሮ ጫት አልቀመስኩም፤ ሰውም «ጎበዝ፣ ጫት ተወ» እያለ ያመሰግነኛል። ከሰዓት በኋላ ከተማው በየበርጫው ሲሰበሰብ እኔ ከዚራ ዛፍ ሥር ብቻዬን እቀመጣለሁ። ብቸኝነቱ ይከብደኛል፤ ግን ማንን ና ልበል?

ይቅር በለኝ አልልህም። ሙሜ ይቅር ያለው የፈራውን ሰው ነው። ያ ሰው እኔ አይደለሁም።