መጋረጃው አይቆረጥም

ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ለስፌት ትርፍ ሳትተው ጨርቅ ቆርጣ አታውቅም። «ሰው ይወፍራል፤ ጨርቅም ሲታጠብ ያጥራል። ልክክ አድርገሽ የቆረጥሽው ልብስ አንድ ቀን ጉድ ይሠራሻል» እያለች ስታሰለቸኝ ኖራለች።

ይህችው ሴት ቤት ልትገዛ ስትነሳ ግን ገንዘቡን ልክክ አድርጋ አጠራቀመች። ባንኩ የሚያበድረው ይሄን ያህል፣ ከእኛ የሚጠበቀው ይሄን ያህል፣ አለቀ! ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ እሱም ከዚያ ወዲያ አልጠየቀም። ጭራሽ ቁልፉን ሳትይዝ መስኮቶቹን ለክታ መጋረጃ ሰፋች፤ ከታች ሰፊ ትርፍ አጥፋለት። ለመጋረጃው ያሰበችውን ለገንዘቡ ብታስብ ምን ነበረበት? እስካሁን ያናድደኛል።

ቅድሚያ ክፍያውን በከፈለች ማግስት መዓቱ ጀመረ። የባንኩ ገማች ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ ሄደ፤ ለኳኳታውም ተከፈለው። ከዚያ ውል ማጽደቂያ፣ ከዚያ ስም ማዛወሪያ፣ ከዚያ ኢንሹራንስ። ሻጩ ሳይከፍል የተወው የውሃ ሒሳብ ሳይቀር እሷ ላይ ወደቀ። አብሬያት በየመሥሪያ ቤቱ ተሰልፌ ስውል ደሜ ይፈላ ነበር። አንዱ ጋ ከፍለን ዞር ስንል ሌላው እጁን ዘርግቶ ይጠብቀናል።

ደላላው መጨረሻ ላይ ብቅ አለ።

«እህቴ፣ የኔስ መቼ ነው?»

«ያንተን ሻጩ አይደል እንዴ የሚከፍለው?»

«እሱ የራሱን ከፍሏል። ይሄ የገዢ ነው።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ!»

ይህን ብሎ ፈገግ ሲል ጥርሱን ባራገፍኩለት ደስ ባለኝ። እህቴ ግን የጆሮ ወርቋን ሸጣ፣ ከኔም ተበድራ ከፈለችው። በመጨረሻ ቁልፉ እጇ ገባ። የዚያኑ ቀን ሄዳ መጋረጃውን ሰቀለች።

የባንኩ ወርሃዊ ክፍያ ሲደርስ ቤት ውስጥ ሰባራ ሳንቲም አልነበረም። ባሏ ምሳ ላይ አንገቱን ደፍቶ፣ «ለጊዜው እናከራየውና እኛ እዚሁ የኪራይ ቤታችን እንቆይ» አለ። እህቴ ሳህኑን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። አኩርፋም ቢሆን መስማማቷ ነበር።

ቤቱን ሊያዩ የመጡት አዲስ ተጋቢዎች ናቸው። ልጅቷ መጋረጃውን ዳበስ አድርጋ፣ «ደስ ሲል! ከቤቱ ጋር ነው አይደል፣ እትዬ?» አለች።

«አይደለም» አለች እህቴ። ወዲያው ወንበር ላይ ወጥታ ታወርደው ጀመር።

አሁን መጋረጃው በኪራይ ቤቷ ጠባብ መስኮት ላይ ተሰቅሎ መሬት ይጠርጋል። ባሏ በወጣ በገባ ቁጥር ይጠልፈዋል። ትናንት ምርር ሲለው መቀሱን ከማሽኑ ላይ አነሳ።

«ትንሽ ልቀንሰው፤ ሰው ሊገድል ነው እኮ!»

«ንካውና ታያለህ!» መቀሱን ከእጁ ነጠቀችው። «የተለካው ለቤቴ ነው።»

መሬት የተኛውን ጨርቅ በእግሯ ወደ ግድግዳው ገፋ አድርጋ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።